የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ፊት

ነርስነቴን ትቼ፣ አዲስ አበባ የቆዳ ውበት ሕክምና ተምሬ ሐይቅ ከተማ አንዲት ክፍል ስከፍት፣ የሚከብደኝ ሥራው መስሎኝ ነበር። ለካ የሚከብደው ሰው ነው።

የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ከሳዑዲ የተመለሰች ልጅ ናት። እዚያ ትቀባው የነበረው የሚያቀላ ክሬም ጉንጯ ላይ ማድያት አውጥቶባታል። ቆዳ የሚልጥ ፈሳሽ ቀባኋትና፣ «ፊትሽ ለሳምንት ይላጣል፤ እንዳትደነግጪ። ከሰጠሁሽ ቅባት በቀር ምንም እንዳትቀቢ» አልኳት። አንዴ አይደለም፣ አፌ እስኪደርቅ ነገርኳት። «አብሽሪ፣ ወላሂ አልነካውም» ብላ ሄደች።

በአራተኛው ቀን አክስቷ ግማሹን ሰፈር አስከትላ በሩን በርግዳ ገባች። «ልጄን እንደ ድንች ላጥሻት!» ልጅቷ ከኋላዋ ቆማለች፤ ፊቷ ከግንባሯ እስከ አገጯ በለጋ ቅቤ ተለስኗል። ደሜ ፈላ። እኔ ስጮህ፣ አክስቷ ስትጮህ፣ የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀሩ ቆመው ያዩናል። በመጨረሻ ቅቤውን በገዛ እጄ አጥቤ ሸኘኋት።

በሁለት ሳምንቱ የተላጠው ቆዳ ረግፎ አለቀ፤ ማድያቱም ለቀቀ። አሁንማ ሰው ይጎርፋል ብዬ ወንበር ጨመርኩ። ማንም ዝር አላለም።

አንድ ቅዳሜ እናቴ ከገበያ ስትመለስ ወደ ክፍሌ ጎራ አለችና በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

«ያቺን ልጅ አየኋት፤ ፊቷ እንዴት ጥርት ብሏል መሰለሽ! ከአንቺ እጅ አክስቷ ናት አሉ በቅቤ ያተረፈቻት። እስቲ አንቺም ይህን ያዢ፤ ደንበኛ ታገኛለሽ።»