ፈረሱን ሽጥና ና

አባቴ ሲሞት እኔ ዳንግላ የኑግ ጆንያ ተሸክሜ መኪና ላይ እጭን ነበር። መርዶ ወግ አለው። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ጎህ ሳይቀድ በር ይንኳኳል፣ ሰውዬው እንዳይወድቅ የሚይዘው ሰው ይዘጋጃል። ለእኔ የነገረኝ ከእንጅባራ የመጣ ቀርቀሃ ሻጭ ነው፤ ሸክሙን ከትከሻው እንኳ ሳያወርድ።

«አንተ፣ አባትህ እኮ ዐረፉ። አልሰማህም?»

ከተማ ማለት ይኸው ነው። በሰውዬው አልፈርድም፤ እሱም ቀርቀሃው ከብዶታል።

ጆንያውን ጣልሁና ወደ እንጅባራ የሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ተንጠለጠልሁ። ለቅሶው የተደረገው ከዘንገና ሐይቅ ወዲህ ባለው ሜዳ ነው። እኛ አገር ወንድ የሆነ ሰው የዘመዱን ለቅሶ በፈረስ ነው የሚደርስ። ሜዳው ዳር ሲደርስ ፈረሱን ይኮለኩልና «ወንድሜን! አባቴን!» እያለ ጋልቦ ይገባል። የሟቹ ፈረስ ደግሞ ኮርቻው ላይ የሟቹ ካባ ተደርቦ፣ ሰው ሳይቀመጥበት፣ እየተሳበ ሜዳውን ይዞራል። ያን አይቶ ያላለቀሰ ሰው ድንጋይ ነው።

እኔ በዚያ ሜዳ የደረስሁት በእግሬ ነው፤ የኑግ ዘይት የጠገበ ሱሪ ለብሼ። የአባቴ ዳማ ፈረስ ባዶ ኮርቻውን ተሸክሞ ከፊት ለፊቴ መጣ። አወቀኝ። ጆሮውን ቀሰረና አልንቀሳቀስም አለ። የሚስበው አጎቴ ነበር።

«መጣህ?» አለኝ። «በምን መጣህ?»

«በመኪና።»

«እሱንስ ሽታህ ነገረኝ» አለና ወደ ሕዝቡ ዞረ። «የሟች ልጅ በቆርቆሮ በቅሎ መጥቷል! ገለል በሉለት!»

ሰው ሳቀ። በአባቴ ለቅሶ ላይ ተሳቀ፣ የተሳቀውም በእኔ ነው። ጥፋት አላጠፋሁም፤ ዛሬም እንዲያው ነው የምለው። ክንፍ አልነበረኝም፤ የነበረው መኪና ነው፤ በመኪና መጣሁ። ያ ሳቅ ግን ከመቃብሩ አፈር ድምፅ ጋር አብሮ ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

የአርባው ተዝካር ወጥቶ እንግዳው ሲበተን አጎቴ የፈረሱን ልጓም ይዞ ወደ ራሱ ጋጣ ሊያስገባው ተነሣ። መሬቱን ቀድሞ አርሶት ነበር። ስለ መሬቱ አልተነፈስሁም። ፈረሱን ግን አልሰጥም አልሁ።

«ዳንግላ ወስደህ ምን ልታበላው ነው? ወረቀት?»

«እኔ የምበላውን።»

«እንግዲያ ሁለታችሁም ትሞታላችሁ።»

«ስንሞት እርስዎ ለቅሶ ይምጡ፤ በፈረስ» አልሁትና ፈረሱን ይዤ ወጣሁ።

ዳንግላ የተከራየሁት ክፍል ከአንድ እስላም ጨው ነጋዴ ሱቅ ጀርባ ነበር። ፈረሱን ከደጄ አሰርሁት። ነጋዴው ደግ ሰው ነው፤ ቢሆንም ጠዋት ጠዋት ፋንድያውን እየተሻገረ «ለመሆኑ ከሁለታችሁ ተከራዬ ማንኛችሁ ነው? ጨዋው እሱ ነው» ይለኛል። የቀረው የከተማ ሰው ግን እንደ እሱ አልነበረም። ጆንያ ተሸካሚ ፈረስ ሲኖረው ከተማ ይቆጣል።

«ፈረስ እያለህ በጀርባህ ትሸከማለህ? ቂል ነህ?» ይሉኛል።

የአባቴ ፈረስ አጋሰስ አይሆንም። ይህን ለማን ላስረዳ? መኪና ጭኜ ስጨርስ ከከተማው ወጥቼ ሣር አጭዳለሁ። ሰው ጠላ ቤት ሲገባ እኔ ሣር ተሸክሜ እገባለሁ። በልጅነቴ የተኛሁት ከቀርቀሃው ግድግዳ ወዲያ ፈረስ ሣር ሲያላምጥ እየሰማሁ ነበርና፣ ዳንግላ ከገባሁ የደላ እንቅልፍ ያገኘሁት ዳማው ከመጣ ወዲህ ነው። በከተማው ውስጥ ስሜን የሚያውቅ አልነበረም፤ «አንተ ኩሊ» ነው የሚሉኝ። ከደጄ ግን የማን ልጅ እንደሆንሁ የሚያውቅ አንድ ፍጥረት ታስሯል።

ከእሷ ጋር ያገናኘኝ ፈረሱ ነው። የገብስ ጆንያ ስሸከም የዋልሁበት ሱሪ ገብስ ገብስ ቢሸተው ከመቀመጫዬ ላይ ነክሶ ተረተረው። ከገበያው ዳር በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ዘርግቶ የሚሰፋ ሰውዬ ነበር። በጋም ክረምትም ኮት ከላዩ አይወርድም። ልጁ ከአጠገቡ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች፤ ስድስተኛ ክፍል የደረሰች፣ አፏ እንደ መርፌዋ የሾለ። ሱሪዬን ገለባብጣ አየችው።

«ምን ነከሰው? ጅብ?»

«ፈረስ ነው።»

«የማን ፈረስ?»

«የራሴ።»

«የራስህ ፈረስ እንዲህ ካደረገህ የሰው ፈረስማ ይቀብርሃል!»

ሳቀች። በሳቅ የቆሰለ ሰው ሳቅ መለየት ይችላል። ያኛው ሳቅ አንገቴን አስደፍቶኝ ነበር። ይኸኛው ቀና አደረገኝ። ከዚያ ወዲህ ልብሴ መቀደድ አበዛ፤ ሁሉንም በፈረሱ አሳበብሁ።

«ይኸ ፈረስ እጅጌ መብላት የጀመረው መቼ ነው?» ትለኛለች።

«አመሉ ነው።»

«የእሱ ነው የአንተ?»

አንድ ቀን ይህን ነካሽ ልየው ብላ መጣች። ግንባሩን አከከችለት። ሰው የማያስጠጋው ፈረስ ዐይኑን ጨፍኖ ቆመላት። ያን ጊዜ ላገባት ቆረጥሁ።

ስለ አባቷ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሰውዬው እንደ እኔው የእንጅባራ ባላገር ልጅ ነው፤ ግን አማርኛ ብቻ ነበር የሚናገረው። የገበያ ሰዎች በአገውኛ ሲያዋሩት «ምን አላችሁ? አልሰማሁም» ይላል። ጨርቅ ሲለካ ግን ከንፈሩን አይ ነበር፤ የሚቆጥረው በአገውኛ ነው። ሰው ከቋንቋው ቢሸሽ ከቁጥሩ አያመልጥም።

ጨው ነጋዴውንና አንድ የደብር ሽማግሌ አስነሥቼ ላክሁበት። ሲመለሱ ፊታቸው ነገረኝ።

«ከተማ ገብቷል፣ ከተማ ይምሰል፤ ልጄን ለፋንድያ ጠራጊ አልድርም አለ» አለኝ ነጋዴው። «ፈረሱን ይሽጥና ይምጣ አለ።»

እንግዲህ ይህ ነው የቀረበልኝ። ወይ እሷ፣ ወይ ዳማው። ስንት ቀን እንደ ተንገላታሁ አልናገርም። በመጨረሻ ከጫግኒ የመጣ ነጋዴ ፈረሱን ዐይቶ ወደደው። ጫግኒ ቆላ ነው፤ የደጋ ፈረስ እዚያ ወርዶ ዕድሜ የለውም። አውቃለሁ። እያወቅሁ «በገበያው ቀን መጥተህ ውሰደው» አልሁት።

ስነግራት መርፌዋን ልብሱ ላይ ሰክታ ተወችው።

«ሸጥኸው?»

«አባትሽ ናቸው ያሉት።»

«አባቴ ፈረሱን የሸጠ ሰው ነው። እየው እስቲ፤ ይኸን መሆን ነው የምትፈልግ?»

«ካልሸጥሁት አይሰጡሽም።»

«ከሸጥኸውስ ምንህን ይዘህ ልትመጣ ነው? ጆንያህን?» አለችና ፊቷን አዞረች።

የገበያው ቀን ሊነጋ ሲል በሬ ተንኳኳ። የጫግኒው ሰው ማልዶ የመጣ መሰለኝ። ከፍቼ ባይ የእሷ አባት ነው። ኮቱ የለም፤ ጋቢ ለብሷል። ያለ ኮት አይቼው ስለማላውቅ የሌላ ሰው አባት መሰለኝ።

በአገውኛ ተናገረኝ። «ታላቅ ወንድሜ ሞተ» አለኝ። «በእግሬ ልገባ አልችልም። ፈረስህን አውሰኝ።»

«ምን አሉ?» አልሁት በአማርኛ። «አልሰማሁም።»

አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቀና አለና ያንኑ ቃል በአገውኛ ደገመልኝ፣ አንዷንም ሳያስቀር። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ተራዬ ደረሰ አልሁ። ወጥቼም ኮርቻውን ጫንሁ።

እሷና እናቷ ከሴቶቹ ጋር በጭነት መኪና ቀደሙ። ሰውዬውን ፈረስ ላይ አወጣሁትና እኔ ልጓሙን ይዤ በእግሬ ሄድሁ። ከዳንግላ ራቅን። ብርዱ እየበረታ፣ ኮሶውና ቀርቀሃው ከጉም ውስጥ ብቅ ብቅ ሲል፣ አገውኛው ከአፉ እንደ ጎርፍ ወረደ። ወንድሙ ፈረስ እንዴት እንዳስተማረው፣ ስንቴ እንደ ጣለው፣ ስንቴ እንዳነሣው። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

«የስፌት መኪናዬን የገዛሁት ፈረሴን ሽጬ ነው። ከዚያ ወዲህ የአገሬን ለቅሶ ደርሼ አላውቅም። አሞኛል እላለሁ፤ ሥራ በዝቶብኛል እላለሁ። የእናቴንም ጭምር።»

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ሰውዬው ፋንድያ ጠልቶ አልነበረም። እሱ የጣለውን እኔ አንጠልጥዬ ሳልፍ በየቀኑ በበረንዳው ፊት ያየኛል፤ ያን ነው ያልቻለው።

አባቴ የተለቀሰበት ያ ሜዳ ዳር ስንደርስ ሕዝቡ ጥቁር ደመና መስሎ ታየ። የወንድሙ ፈረስ ካባ ለብሶ ባዶውን ይዞራል። ሰውዬው አየውና ከኮርቻው ወረደ።

«አልችልም። ይኸ እግሬ የለመደው የስፌት መኪና መርገጫ ነው። ብጋልብ እወድቃለሁ፤ ከወደቅሁ ደግሞ በወንድሜ ለቅሶ ይሳቃል። አንተ ግባልኝ።»

እኔ ያን ሳቅ አውቀዋለሁ። ግን ቆምሁ። በአገራችን በሰው ፈንታ ለቅሶ ጋልቦ የሚገባ ልጁ ወይም አማቹ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ቢያደርገው ነውር ነው። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

«ምንዎ ነኝ ብዬ ልግባ?» አልሁት።

«ታውቀዋለህ።»

«እርስዎ ይበሉት።»

«አንተ ግባ። እኔ እለዋለሁ።»

ወጣሁ። ዳማውን ኮለኮልሁት። ከአባቴ ሞት ወዲህ ጋልቦ አያውቅም ነበር፤ የታሰረበትን ወራት ሁሉ ባንድ ጊዜ ሊሮጠው ተነሣ። ሜዳው ከሥሬ ጠፋ። ሕዝቡ ተሰነጠቀ። አንድ ሽማግሌ «የማን ነው ይኸ? የማን ወገን ነው?» ብሎ ጮኸ። ከኋላዬ፣ በእግሩ እየሮጠ፣ ያ ልብስ ሰፊ ባለ በሌለ ድምፁ በአገውኛ መለሰለት፦

«አማቼ ነው! በእኔ ፈንታ የሚጋልብ አማቼ ነው!»

እኔ የማላውቀውን ሰው ላለቅስ የገባሁ ሰው፣ አፌ ሲከፈት የወጣው «አባቴን! አባቴን!» ነው። ሰው ሁሉ የወገን ወግ መሰለው። ያለቀስሁት ግን የራሴን ነው። በእግሬ የደረስሁበትን ለቅሶ፣ በዚያው አገር፣ በእሱው ፈረስ፣ በወጉ ደረስሁት።

አጎቴም ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ከሰዎቹ ፊት ቆሞ ነበር። ፈረሱን አወቀ፤ ቀጥሎ እኔን አወቀ። ባርኔጣውን አወለቀና ሁለት እጁን ዘርግቶ ከኋላው ያለውን ሕዝብ ገፋ።

«ገለል በሉለት!» አለ።

ቃሉ ያው ነው። የሳቀ ግን አልነበረም።

ስወርድ እሷ ከሴቶቹ መካከል ወጥታ መጣች፤ ፊቷ በእንባ ታጥቧል፣ ዐይኗ ግን ያው ነው።

«አጎቴን ላለቅስ መጥቼ ተድሬ ልመለስ?» አለችኝ ቀስ ብላ። «እኔን ማን ጠየቀኝ?»

«አባትሽ ናቸው የተናገሩት።»

«አባቴን አልጠየቅሁህም።»

«እሺ፣ አንቺን ጠየቅሁ። ምን ትያለሽ?»

ወደ ፈረሱ ዞረች። በነጠላዋ ጫፍ የዳማውን የአንገት ላብ ጠረገችለት። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ስትመለስ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ «እጅጌህ ተቀዷል፤ ማታ አምጣው» አለች። እጅጌዬ ደህና ነበር። አየሁት።

ፊደል የቆጠርሁት ካገባኋት በኋላ ነው፤ ስሳሳት በመርፌ ጫፍ ትነካኝ ነበር። ዛሬም ስጽፍ የእጄን ጀርባ ያሳክከኛል። ከተማን ወደድሁት አልልም። ግን ከዚያ ለቅሶ ስንመለስ ዳንግላ የገባነው በቀን፣ በገበያው መሐል ነው፤ አማቴ ኮርቻው ላይ፣ እኔ ልጓሙን ይዤ። ባላገሮቹ በአገውኛ ሰላም አሉት። በአገውኛ መለሰላቸው፤ ጮክ ብሎ፤ በረንዳው ፊት ሲደርስም ድምፁን አልቀነሰም።

ጨው ነጋዴው ሱቁ ደጅ ቆሞ ጠበቀን። የጫግኒው ሰው በገበያው ቀን መጥቶ ደጁን ባዶ ሲያገኘው ተቆጥቶ ሄዷል አለኝ።

«ምን አልኸው?»

«ተከራዬ ለቅሶ ሄዷል አልሁት። ማንኛው ቢለኝ፣ ጨዋው አልሁት» አለና ፈረሱን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።