አያቴ የገመገመችው ፊልም

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሬዲዮ ስለ ፊልም ያወራ ነበር። አንዱ ጠያቂ ነው፣ ሌላው ሐያሲ። ሐያሲው የአንድ ተዋናይን ሥራዎች እያነሳ ሲያሞግስ ስሙን ሰማሁና ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። "ገጸ ባህሪውን አልተጫወተውም፣ ኖረው እንጂ" አለ ሐያሲው። "ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ እጁን ሳያነሳ፣ አንዲት መስኮት በመዝጋት ብቻ አዳራሽ ሙሉ ሰው ያስፈራ ሰው ነው። ይህንን ከየት አመጣው ያሰኛል።" ሾፌሩን ድምፁን ጨምርልኝ ብዬው ነበር፤ ሐያሲው ግን ወዲያው ለሳሙና ማስታወቂያ ቦታ ለቀቀ። ከየት እንዳመጣው ለሐያሲው ልነግረው እችል ነበር። የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ሳሎናችን ውስጥ ከሶፋው ጀርባ ተቀምጬ ከራሱ አፍ ሰምቻለሁ።

ልጅ እያለሁ አዳማ ውስጥ ቀን ላይ መስኮት የሚዘጋ ሰው አልነበረም። በዚያ ሙቀት ማን ይዘጋል? በሩም መስኮቱም ወለል ብሎ ይውላል፣ መጋረጃው ነፋስ ባገኘ ቁጥር እየተነሳ ጓዳችንን ለመንገደኛ ያሳያል። የጎረቤት ወጥ ምን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ጨው እንደበዛበትም እናውቃለን። ከትምህርት ቤት ስንመለስ አቧራው እግራችንን እስከ ጉልበት ነጭ ያደርገዋል፣ የጋሪ ፈረሶች ሽታ ከመንገዱ ሳይለቅ ይመሻል፣ እኛ ሴቶቹ ጥላ ፍለጋ ከግንብ ሥር ተጠግተን ሱዚ እንዘላለን። መስኮቱ የተዘጋ ቤት ካየን ሰዎቹ አገር ቤት ሄደዋል ማለት ነበር።

የአባቴ ታናሽ እህት ሌሊሴ ከእኛ ጋር ትኖር ነበር። ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፣ ጠረኗ የመድኃኒትና የፀጉር ቅባት ነው፤ እሷ የተኛችበት ትራስ ላይ መተኛት እወድ ነበር። መላኩ የሚባል የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ራሱን ሳያመው የራስ ምታት ክኒን እየገዛ ስንት ወር ተመላለሰባት። ይህ መላኩ ማታ ማታ ቀበሌ አዳራሽ ድራማ ይሠራል። በኋላም ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች አይተውት ፊልም ውስጥ አስገቡት። እኔ በዚህ ምክንያት ትምህርት ቤት ውስጥ አንገቴን ቀና አድርጌ የምሄድ ሰው ሆንኩ። "አክስቴን የሚያገባት አክተር ነው" እላለሁ፣ ማስቲካ ይሰጡኛል።

አባዬ ግን ነገሩ አልጣመውም። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፣ በዚያ ላይ አስተማሪ፤ ሲኒማ ቤት በር ላይ ቆሞ እንኳ አያውቅም። የመላኩ ሽማግሌዎች እሁድ ከአምልኮ በኋላ መጥተው ልጃችሁን ለልጃችን ሲሉ፣ እንደ ደንቡ "ዘመድ እናማክር፣ በሁለት ሳምንት ተመለሱ" ብሎ ሸኛቸው። በሁለቱ ሳምንት ውስጥ የልጁን ጠባይ፣ ዘሩን፣ ሱሱን፣ ሁሉንም ማጣራት ነው። ለማጣራቱ ሥራ አያታችን ከደራ ተጠራች።

አኮ ነበር የምንላት፣ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። አጭር፣ ጠንካራ፣ ስትቀመጥ ወንበሩን የምታስጨንቅ ሴት ነበረች። ከደራ ስትመጣ ለእኛ ለልጆቹ በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችው ለውዝ አይጠፋም። ስትገባ መጀመሪያ የምታደርገው ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የሟች ባሏን፣ የወንድ አያታችንን ፎቶግራፍ መስታወት በቀሚሷ እጅጌ መወልወል ነው። አያታችንን አላውቀውም፣ ሳልወለድ ነው የሞተው። በቤታችን ስሙ ሲነሳ ድምፅ ይቀንሳል፤ ደግ፣ ቁም ነገረኛ፣ የተከበረ ሰው ነበር ይባላል።

እንግዲህ መላኩ የሠራውን ስህተት ስሙት። ሽማግሌ ልኮ መልስ እየጠበቀ ያለ ሰው አርፎ መቀመጥ ነበረበት። እሱ ግን በዚያው ሰሞን ፊልሙ አዳማ ሲመጣ በኩራት ተነፋፍቶ ለመላው ቤተሰብ ትኬት ላከ። ሥራዬን አይተው ይውደዱኝ ብሎ ነው። አባዬ ትኬቶቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እባብ እንዳየ ሰው ዙሪያቸውን ዞረ። አኮ ናት ነገሩን የቆረጠችው። "የልጁን ጠባይ አጣሪ አላላችሁኝም? ሰውየውን ሁለት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብዬ የማይበት ቦታ ካለ ለምን አልሄድም?" አለች። አባዬ እናቱን ብቻዋን መላክ አልቻለም፣ ተከተለን።

በሁለት ጋሪ ሄድን። አኮ አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፣ ሌሊሴ ከንፈሯን ተቀብታ አባዬን ስታይ በመሐረብ ጠርጋዋለች። አዳራሹ እንደ ዳቦ መጋገሪያ ይሞቃል፤ ጣሪያው ላይ ያሉት ቬንቲሌተሮች የሱፍ ፍሬና የላብ ሽታ ያማስላሉ እንጂ አያበርዱም። መላኩ መጀመሪያ ብቅ ሲል ሰዉ የከተማውን ልጅ አይቶ አጨበጨበ፣ እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ። ጭብጨባው ግን ብዙ አልቆየም። መላኩ የሚሠራው ክፉ ባል ሆኖ ነው። ደግሞም ጨዋ መሳይ ክፉ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ለጎረቤት ቆብ የሚያነሳ። ሰኞ ትምህርት ቤት ምን እላለሁ ብዬ ከአሁኑ ጨነቀኝ።

ከዚያ ያ ቦታ መጣ። ቀን ነው። ሚስትየዋ ምሳ ታቀርባለች፣ አንድ ነገር ትናገራለች፣ ክፉ ነገር አይደለም። መላኩ ማንኪያውን አስቀመጠ። አፉን ጠረገ። ተነሳና ወደ መስኮቱ ሄደ። መጋረጃውን ወደ ውስጥ ሰበሰበ፣ አንዱን መዝጊያ ቀስ አድርጎ ሳበ።

ገና ምንም አልሆነም። አዳራሹ ውስጥ ሰው ሱፉን ይከካል። በዚያ መሀል አኮ ከወንበሯ ተነሳች። "በኢ! በኢ ኢንተላ ኮ!" ብላ ጮኸች፣ ውጪ፣ ውጪ ልጄ ማለቷ ነው። "ሳይዘጋው ውጪ!" ሰዉ ዞሮ አያት፣ ከኋላ "ተቀመጡ እማማ" የሚልም የሚስቅም ነበር። አባዬ እጇን ያዛት። ስክሪኑ ላይ መላኩ ሁለተኛውን መዝጊያ ዘጋ፣ ሬዲዮውን ከፍ አደረገ። ከዚያ በኋላ የሚታየው የተዘጋው መስኮት ከውጭ ብቻ ነው፣ የሚሰማውም የሬዲዮው ዘፈን። ሳቁ ቆመ። ሴቶች ሲያለቅሱ ሰማሁ። አኮ ግን ቆማ ቀረች።

በጋሪዎቹ ተመለስን። ቤት ስንደርስ አኮ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ "ልጄን ለዚህ ሰው አልሰጥም" አለች። እናቴ ቀስ ብላ "አኮ፣ ፊልም እኮ ነው፣ የተባለውን ነው የሚሠራው" አለቻት። "መምታቱን ብቻ ቢያደርገው ፊልም ነው እልሽ ነበር" አለች አኮ። "እንደዚያ አድርጎ መዝጋትን ግን ያላየ ሰው አያውቀውም።" ሌሊሴ ያን ሌሊት ስታለቅስ እኔ አጠገቧ ነበርኩ፣ ትራሱ ረጥቦ በማግስቱ ፀሐይ ላይ ሰጣነው።

በከተማው ደግሞ መላኩ መግቢያ መውጫ አጣ። የጉልት ሴቶች ሽንኩርት አንሸጥልህም አሉት። አንዷ "መጀመሪያ ሚስትህን ይቅርታ ጠይቅ" ብላ ብሩን መልሳ ወረወረችለት። እሱም ያላገባ ሰው! ዛሬ ሳስበው ከዚያ የበለጠ ሽልማት የትኛው መድረክ ላይ ይሰጣል? ያኔ ግን ሊያሳጣው የነበረው ሌሊሴን ነው።

ሽማግሌዎቹ በቀጠሯቸው መጡ። ሦስት ነበሩ፣ አንደኛው የመላኩ አጎት፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠ ሰውዬ። እኔ ከሶፋው ጀርባ ነኝ። አባዬ ገና ጉሮሮውን ሲጠርግ አኮ ቀደመችው። "ልጁ ራሱ ይምጣ" አለች።

"እናታችን፣ ይህ እኮ ወጉ አይደለም" አለ አጎትየው።

"ወጉን አውቀዋለሁ። እኔም በወጉ ነው የተዳርኩት። ይምጣ።"

መላኩ ለካ ከታች ጁስ ቤት ቁጭ ብሎ ውጤት እየጠበቀ ኖሮ ወዲያው ደረሰ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ስለ ደሞዙ፣ ስለ እምነቱ የምትጠይቀው መስሎት እንደነበር በኋላ ራሱ እየሳቀ ነግሮናል።

"መስኮቱን ዝጋ ያለህ ማን ነው?" አለችው አኮ።

መላኩ አጎቱን አየ፣ ከዚያ ወለሉን። "ማንም አላለኝም፣ እማማ። ጽሑፉ ተነስቶ ይመታታል ነው የሚለው። አባቴ ግን መጀመሪያ መስኮት ነበር የሚዘጋው። እንደዚያው ቀስ ብሎ። ከዚያ ሬዲዮ ይከፍታል።" አጎትየው ኮፍያውን አንስቶ ክፈፉን ማገላበጥ ጀመረ።

"እናትህስ?"

"አለች። ዛሬም ዝናብ ቢገባ እንኳ መስኮት አታስዘጋም።"

"ልጄ ላይ ትዘጋለህ?"

"ያን ቦታ ከሠራሁ በኋላ ድገመው ሲሉኝ እምቢ አልኩ" አለ መላኩ። "ጥዬ ወጥቼ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ከዚህ ሌላ የምልዎት የለኝም። ብምልልዎትም አያምኑኝም።"

"አዎ፣ አላምንህም" አለች አኮ። ከዚያ እጇን ወደ ግድግዳው፣ ወደ አያታችን ፎቶግራፍ ዘረጋች። "ይሄኛውም ምሎልኝ ነበር።"

አባዬ ከመቀመጫው ተነሳ። የሚቆጣ መስሎኝ ራሴን ዝቅ አደረግሁ። ግን የሚሄድበት አጥቶ መሀል ሳሎን ቆመ። ተማሪ ሁሉ የሚፈራው ትልቅ ሰውዬ "እማዬ፣ እኔም ሬዲዮውን እሰማው ነበር" አላት። ድምፁ የእኔ እኩያ የሆነ ልጅ ድምፅ ነበር። አኮ እጁን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችው። ሽማግሌዎቹ ወለሉን ያያሉ፣ ከመንገድ የጋሪ ቃጭል ይሰማል። ሰው ሲከፋው ውሃ እንደሚሰጠው አውቅ ነበርና ከተደበቅሁበት ወጥቼ ለአባዬ ውሃ አመጣሁለት። ማንም ምን ትሠሪ ነበር አላለኝም።

ከዚያ ሌሊሴ ተጠራች። "ሰምተሻል" አለቻት እናቷ። "እኔን ስሰጥ የጠየቀኝ አልነበረም። ይህ ልጅ የቤቱን ገመና ሳይደብቅ ነገረኝ። ከዚህ በላይ ማጣራት አላውቅም። አንቺ ምን ትያለሽ?" ሌሊሴ በር ላይ እንደቆመች "እኔማ እሺ ያልኩት ድሮ ነው" አለች፣ እንባዋ እየወረደ፤ ሁሉም ሳቀ፣ አጎትየው ሳይቀር።

በዚያው ዓመት ሰርጋቸው ሆነ። የአያታችንን ፎቶግራፍ ያወረደው የለም፤ አኮ ግን ከዚያ ወዲህ ከደራ ስትመጣ መስታወቱን አትወለውለውም። አባዬም ልጆች በሚያስተምርበት ክፍል ይበልጥ ለስላሳ እንደሆነ ተማሪዎቹ ያወሩ ነበር። አኮ ካረፈች ቆየች።

የሬዲዮውን ወሬ ይዤ እሁድ እነ ሌሊሴ ቤት ሄድኩ። መላኩ ለአዲስ ፊልም ቀረጻ ወደ አዳሚ ቱሉ ሄዶ አላገኘሁትም። ከተማችን እንደሆነች ሌላ ሆናለች። ጋሪው በባጃጅ ተተክቷል፣ ሱዚ የሚዘሉ ሴቶች ልጆች ከግንብ ሥር አይታዩም፣ ፎቁ ሁሉ መስኮቱን ዘግቶ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ይውላል። ያኔ አዳራሽ ሙሉ ሰው እየጮኸ፣ እያለቀሰ፣ ስክሪኑን እየመከረ ነበር ፊልም የሚያየው። ናፍቆኛል። የሌሊሴ የመጨረሻ ልጅ ኬና ግን የሬዲዮውን ነገር ስትሰማ ያንን የድሮ ፊልም ስልክ ላይ አወጣችና በጆሮ ማዳመጫ ብቻዋን ማየት ጀመረች። አሥር ዓመቷ ነው፣ አባቷን በወጣትነቱ ስታይ "ፀጉር ነበረው እንዴ!" ብላ ሳቀች።

ትንሽ ቆይታ ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮዋ አወጣች። ስልኩ ላይ መላኩ መስኮቱ ዘንድ ቆሞ መዝጊያውን ይዟል።

"እማዬ፣ አባዬ ለምንድን ነው መስኮቱን የሚዘጋው? ኤሲ ሊከፍቱ ነው?"

ሌሊሴ ልጇን ወደ ደረቷ ስባ ፀጉሯን ሳመቻት፣ ኬና "እማ፣ ልይበት!" እያለች ትታገላለች። እኔ ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ። አኮ ይህንን ጥያቄ ሰምታው ቢሆን ኖሮ!