ከወረፋው ውጪ

ማጅራት ገትር አርባ ምንጭ የገባ ጊዜ፣ ሲቀላ ሰፈር በነበረው ቀበሌያችን የክትባት መዝገብ ያዢው እኔ ነበርኩ። ገና ወጣት አስተማሪ ነኝ፤ ሐሙስ ሐሙስ በውይይት ክበብ ስለ ጭቁኖች እኩልነት ጉሮሮዬ እስኪደርቅ የምለፈልፍ። አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ጤና ረዳቱ ጠዋት ሥራ ሳይጀምር፣ «መድኃኒቱ ጥቂት ነው፤ የቆየ ሕመም ያለባቸውን አስቀድምልኝ» ብሎኝ ነበር። እሺ አልኩ። ከዚያ መዝገቡን ገልጬ በተጻፈው ቅደም ተከተል መጥራት ጀመርኩ። የሙዝ ነጋዴው ከነቤተሰቡ፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛው ከነቤተሰቡ እያለ ይወርዳል። ሸክላ ሠሪዎቹ የተጻፉት መጨረሻው ገጽ ላይ ነው።

ለእናቴ እንስራ የምትሠራው ሴትዮ ማንጎው ሥር ብቻዋን ተቀምጣለች። ያኔ በእኛ አገር ሸክላ ሠሪ ከሌላው ጋር ትከሻ ለትከሻ አይሰለፍም፤ ሰው እስኪጨርስ ፈንጠር ብሎ ይጠብቃል። ዞር በይ ያላት የለም፤ ከልጅነቷ የተማረችው ነው። እኔም ከልጅነቴ ተምሬዋለሁ። በእናቴ ዕድሜ ያለችውን ሴት አንቺ ነበር የምላት።

ሸክላ ስትተኩስ የዋጠችው የስንት ዓመት ጭስ ደረቷን ጨርሶታል፤ ሳሏ እኔ ጠረጴዛ ድረስ ይሰማል። አንዴ ቀና ብዬ፣ ለወጉ ያህል፣ «ነይ እንጂ» አልኳት።

«እነሱ ይጨርሱ፣ አስተማሪ። እኔ አለሁ።»

ጨዋ ናት አልኩ በሆዴ፤ እንዲያውም ደስ አለኝ። ተነሥቼ እጇን ይዤ ለማምጣት አሥር እርምጃ አይሞላም ነበር።

ከሰዓት በኋላ መድኃኒቱ አለቀ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል ተባለ። «ይሁን» አለችና ቀሚሷን አራግፋ ሄደች።

መድኃኒቱ ሲመጣ እሷ ተቀብራ ነበር። ከታመሙት የተረፉም ነበሩ፤ እሷን ግን በሽታው ሁለት ቀን አልሰጣትም። «ሰውነቷ ቀድሞ አልቆ ነበር» አለኝ ጤና ረዳቱ። ይህን ማንጎው ሥር ስታስል እኔም አውቀው ነበር።

ለቅሶ ሄድኩ። ደጃፏ ላይ ሰዉ መሬት ተቀምጧል። ሲያዩኝ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ብድግ አሉ፤ ባሏም ያለቻቸውን አንዲት በርጩማ አምጥቶ ከሁሉም ፊት አኖረልኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ተቀመጥኩ።