የሰባተኛው ዓመት ደብዳቤ

መነን አሜሪካን አገር፣ አሌክሳንድሪያ ባለ አንድ ሆቴል አንሶላ ስታጥፍ ነው የምትውለው። ከሰባት ዓመት በፊት ትንሹ አንጀቷ አልሠራ ብሎ፣ የሌላ ሰው አንጀት ተተካላት። ሆስፒታሉ የለጋሹን ስም አልነገራትም፤ ወጣት እንደነበረና እናቱ በሕይወት እንዳለች ብቻ ሰማች።

መነን ውለታ አትረሳም። በየዓመቱ ያ ቀን ሲደርስ፣ እንደ አገሯ ወግ ሙት ዓመቱን ቆጥራ ለእናትየው የማጽናኛ ደብዳቤ ትልካለች። እሷ ትናገራለች፣ ልጇ ዮሐና በእንግሊዝኛ ትጽፋለች፣ ሆስፒታሉ ያደርሳል። ስድስት ደብዳቤ ሄደ፤ አንድም መልስ አልመጣም። ዘንድሮ የሰባት ዓመቱን ጸሎት ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ልታስደርግ ብትጠይቅ፣ ቄሱ «በማን ስም ልጸልይ?» አሏት።

በዚያው ሰሞን ለምርመራ ሄደች። ሐኪሟ ከአንጀቷ የተወሰደውን ናሙና ውጤት ስትናገር ዮሐና ተረጎመች።

«እማዬ፣ አንጀቱን የሰጠሽ ልጅ ድሮ ያሸነፈውን በሽታ የሚያስታውሱ ሴሎች አሉ። ተመልሶ ቢመጣ ለይተው ይዋጉታል። እስካሁን አንቺ ውስጥ አሉ።»

«የሱ?»

«የራሱ።»

መነን ሆዷን በመዳፏ ያዘች። «ታዲያ እኔ ሆዴ ውስጥ ላለ ሰው ነው ስድስት ዓመት ለቅሶ ስደርስ የኖርኩት?»

ዮሐና ሳቀች፤ ወዲያው ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እማ፣ ሲሪየስሊ፣ ልጄ በሞተበት ቀን በየዓመቱ ‹ነፍስ ይማር› የሚል ሌተር ቢመጣልኝ አልከፍተውም።»

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ታለቅሺብኛለሻ!»

መነን ቀኑን አልጠበቀችም። እዚያው መኪና ውስጥ አጻፈች፦ «ልጅዎ ሕፃን ሳለ ሆዱን አሞት ያውቃል? አቅፈውት ሰንብተው ይሆናል። ያኔ የተዋጉለት ሴሎቹ አሁን ሆዴ ውስጥ ሆነው እኔን ይጠብቃሉ።»

መልሱ በአምስተኛው ሳምንት መጣ።

«ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖት ነበር። ዘጠኝ ቀን ሲያስመልሰው ከደረቴ አላወረድኩትም። ያንን ከእኔ በቀር የሚያስታውስ የለም ብዬ ነበር። ስሙ ኦወን ነው።»

መነን አፏ እስኪለምደው ስሙን ደጋግማ ጠራችው። ከዚያ ቄሱ ጋ ደወለች።

«አባ፣ ስሙ ተገኘ። ግን ከሙታን ጋር ብቻ አይጥሩብኝ፤ ትንሽ ከሕያዋኑም ጋር ያድርጉልኝ።»