ከማናችሁ ምን ወሰድኩ?

የያዙኝ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት ስወጣ ነው። ነጠላዬን እንኳን ከራሴ አላወረድኩም ነበር። አንደኛው ቦርሳዬን ተቀበለኝ፣ ሌላው የፒክአፑን በር ከፈተልኝ፤ ለሚያየን ሰው ሊሸኙኝ የመጡ የአክስቴ ልጆች ይመስሉ ነበር። "የት ነው የምንሄደው?" ብዬ ጠየቅኩ። "ቅርብ ነው፣ አሁን ትመለሻለሽ" አሉኝ። ቅርብ ማለታቸው እውነት ነው። "አሁን" ያሉት ግን አምስት ወር ፈጀ።

የታሰርኩበት ክፍል በቁመቱ ስድስት፣ በወርዱ አራት እርምጃ ነው፤ ሥራ ስለሌለኝ ደጋግሜ ለክቼዋለሁ። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ አረንጓዴ የዘይት ቀለም ተቀብቷል። ከዚያ በላይ ባለው ኖራ ላይ ከእኛ በፊት የነበሩት በጥፍራቸው ስማቸውን ጽፈውበታል። ከጣሪያው ሥር አንዲት ትንሽ መስኮት አለች። ፀሐይ የምታስገባው በቀን ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው፤ የታክሲ ረዳት ጩኸት ግን ቀኑን ሙሉ ታስገባለች። "አየር ጤና! አየር ጤና ሁለት ሰው!" ቤቴ አየር ጤና ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ሁለት ሰው የሚጎድለው ያ ታክሲ እንዴት አድርጎ እንዳናደደኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ከእኔ ጋር ዘጠኝ ሴቶች ሆንን። አዲስ የገባ ሰው የሚተኛው ሽንት ቤቱ በር ሥር ነው፤ ሌላ አዲስ ሲመጣ አንድ ፍራሽ ወደ መስኮቱ ፈቀቅ ይላል። ይህን ሕግ የነገሩኝ ካቦዋ ናቸው። ካቦ የክፍሉ አለቃ ነው፤ እስረኞቹ ራሳቸው ይመርጡታል። የእኛዋ ወላጆቻቸው ከከፋ የመጡ፣ እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን በሙሉ አስኮ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ፣ ስልሳ ያለፋቸው ሴት ነበሩ። ሁላችንም "እትዬ" እንላቸዋለን። የታሰሩት ልጃቸው ስለሚፈለግ ነው፤ እሱ እስኪገኝ እሳቸው ይቀመጡ ተባለ። "እኔስ መቼ አገኘሁትና?" ይሉ ነበር ፀጉራቸውን እየጎነጎኑ።

ትልቁ ሥራቸው ምሳ ማካፈል ነው። ቤተሰብ ምግብ ሲያመጣ በሩ ላይ በፖሊስ ፊት ይቀምሳል፣ ከዚያ ይገባል። የሁላችንም ምግብ ባንድ ጋዜጣ ላይ ይዘረጋና እትዬ ያካፍላሉ። ጠያቂ የሌላት ቀድማ ታነሳለች። እናቴ በየቀኑ ከአየር ጤና እየመጣች ያን በር ላይ የምትቀምሰውን ጉርሻ እያሰብኩ፣ እኔ ዘንድ ሲደርስ አንድ ጥግ የጎደለውን እንጀራ ፈልጌ እበላ ነበር።

ወንጀሌን ልንገራችሁ። የምሠራው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሕፃናት አስተምራለሁ። ከመያዜ አንድ ሳምንት በፊት ስለ ነቢዩ ሳሙኤል አንድ ገጽ ጽፌ አርባ ኮፒ አባዛሁ። ሕዝቡ "እንደ ሌላው አገር ንጉሥ አንግሥልን" ሲለው፣ ሽማግሌው ነቢይ ንጉሥ ምን ምን እንደሚወስድ አንድ በአንድ ይነግራቸዋል፤ ወንዶች ልጆቻችሁን ለሠረገላው፣ ሴቶቹን ለወጥ ቤቱ፣ እርሻችሁን ለባለሟሎቹ ይወስዳል እያለ። ታዲያ ሰፈራችን በየቤቱ አጥር ላይ ቀይ የይፍረስ ምልክት የተቀባበት፣ ሰው ዕቃውን የት እንደሚያደርስ የጨነቀው ሰሞን ነበር። አንዱ ወላጅ ወረቀቷን ከልጁ ደብተር ውስጥ አገኛት። በማግስቱ የታክሲ ሰልፍ ያለበት ምሰሶ ላይ ተለጥፋ ታየች። የለጠፍኩት እኔ አይደለሁም፤ ብለጥፈው ኖሮ ግን አላፍርበትም ነበር።

መርማሪው ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ሸሚዙን በደንብ የሚተኩስ ሰው ነው። በመጀመሪያው ቀን ወረቀቷን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋት።

"ንጉሡ ማን ነው?"

"ሳኦል።"

"እህቴ፣ አንቀላለድ።"

"ሳኦል ነው። የቂስ ልጅ። ቁመቱ ረጅም ነው።"

ነቢዩ በየዓመቱ ቤቴልን፣ ጌልገላንና ምጽጳን እየዞረ ይፈርድ እንደነበር ጽፌ ስለነበር፣ ቤቴል የማን ቤት እንደምንሰበሰብ ጠየቀኝ። የመጽሐፍ ቅዱሱ ቤቴል ነው እንጂ ሰፈሩ አይደለም ብለው ያንንም ጻፈው። የሚፈልገው ግን እኔን እንዳልሆነ ቶሎ ገባኝ። የሚፈልገው የኔታን ነው። የኔታ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አለቃ፣ እኔንም ፊደል ያስቆጠሩኝ መሪጌታ ናቸው። ሰባ አልፏቸዋል። ስኳር አለባቸው፤ በየጠዋቱ መርፌ ካልተወጉ አይውሉም። "እሳቸው ናቸው ያዘዙኝ በይና ዛሬውኑ እናትሽ ጋ ሂጂ" አለኝ። አላልኩም። ወደ ክፍሌ መለሱኝ።

ሴቶቹ "ለመሆኑ ምን ብለሽ ነው?" ሲሉኝ ከሰዓት ከሰዓት ሳሙኤልን ከመጀመሪያው ጀምሬ አወራላቸው ጀመር። ሐና ልጅ አጥታ ድምፅ ሳታሰማ ስትጸልይ ካህኑ "ሰክረሻል" ብሎ እንደገሠጻት ስነግራቸው በሳቅ ፈረሱ። ልጁን ለቤተ መቅደስ ከሰጠችው በኋላ በየዓመቱ ትንሽ ካባ ሰፍታ ትወስድለት እንደነበር ስነግራቸው ግን የሳቀ አልነበረም። አብዛኞቻችን በር ላይ የሚጠብቅ ሰው ነበረን።

በአሥራ አንደኛው ቀን እርጅናው ላይ ደረስኩ። ነቢዩ ሸምግሏል፣ ልጆቹ ጉቦ በሊታ ወጥተዋል። እዚህ ላይ እትዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሽማግሌው ግን ልጆቹ ባሉበት ሕዝቡን ሰብስቦ ቆመ፤ የማንን በሬ ወሰድኩ፣ የማንን አህያ ነዳሁ፣ ማንን ገፋሁ፣ ያለ ይናገርና ልመልስ አላቸው። ምንም አልወሰድክብንም አሉት።

"አሁን እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ አለቃ ይገኛል?" አለች ቤቴል ፀጉር ቤት ያላት ልጅ።

"እኛማ በሬም የለን" አሉ እትዬ። ተሳቀና ወደየፍራሻችን ሄድን።

በማግስቱ ምሳ ሳይመጣ በሩ ተከፈተ። ፖሊሷ ቁልፉን እንደያዘች "እማማ፣ ከነዕቃዎ ይውጡ" አለች። ከነዕቃዎ ማለት ወይ መፈታት ነው፣ ወይ ወደማይታወቅ ቦታ መዛወር። የትኛው እንደሆነ ለማንም አይነገርም። የወጣ ሰው ዕቃውን ለቀሪ ትቶ መሄዱ የክፍሉ ልማድ ስለሆነ፣ እትዬ ጋቢያቸውን ሽንት ቤቱ በር ሥር ለምትተኛዋ፣ ጆጓቸውን ለሁላችን አሉ። ከዚያ ወደ በሩ መሄዳቸውን ትተው መሐል ላይ ቆሙ።

"እኔም ልጠይቅ" አሉ። "አራት ወር ምግባችሁን ሳካፍል ነበር። ከማናችሁ ምን ወሰድኩ?"

"ኧረ እትዬ! ምን ወስደው?" ተባለ ከየአቅጣጫው። አንዷ ማልቀስ ጀመረች። እኔም እንደዚያ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር።

ፀጉር ሠሪዋ ብድግ አለች። "እኔ አለኝ" አለች። "ባለፈው ረቡዕ ለምርመራ የወሰዱኝ ቀን እናቴ የዱባ ወጥ አምጥታ ነበር። በወር አንዴ ነው መምጣት የምትችለው። ስመለስ አልቋል። ዳቦ ነው የሰጡኝ።"

በዱባ ወጥ ትልቅ ሰው መውቀስ! ልቆጣት ምንም አልቀረኝ ነበር። እትዬ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አዎ፤ ወስጃለሁ። ጫማሽን አድርገሽ ስትወጪ አይቼ አትመለስም ብዬ ድርሻሽን አደልኩት። ተስፋ ቆርጬብሽ ነው ልጄ። ይቅር በይኝ።"

የለበሱትን ሰማያዊ ሹራብ አውልቀው ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉት። "የእናትሽን ወጥ አይመልስልሽም" አሉ። ልጅቷ አንገታቸውን አቀፈች።

"እማማ፣ ቶሎ ይበሉ እንጂ" አለች ፖሊሷ።

እትዬ ዞር አሉ። "ከአንቺስ የኔ ልጅ፣ ምን ወሰድኩ?"

ፖሊሷ ቁልፉን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። መሬት መሬት እያየች "ምንም… ምንም አልወሰዱብኝም" አለች። በስስ ቀሚሳቸው ቀጥ ብለው ወጡ። የዚያን ቀን በሩ ቀስ ተብሎ ነው የተዘጋው።

ወዲያው እኔን ካቦ ካልሆንሽ አሉኝ። ሕዝብ አንግሡልን ሲል ምን እንደሚከተል አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ያስተማርኳቸው ሴቶች! ገና እየተሟገትን ስሜ ተጠራ።

መርማሪው ሻይ አስመጥቶልኝ ነበር። አንድ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አደረገ። "አንብቢና ፈርሚ። ማታ ቤትሽ ትገቢያለሽ።"

በወረቀት ነው እንጀራዬን የምበላው። ያየሁት ኮፒ ነበር፤ መስታወቱ ካልተጠረገ ማሽን የወጣ፣ በቀኝ በኩል ጥቁር መስመር የወረደበት። የሌላ ሰው ቃል ነው። ስሙ በነጭ ቀለም ጠፍቶ የእኔ ተጽፎበታል። ወረቀቷን አባዝቼ እንድበትንና ሕዝብ እንዳሳምፅ ያዘዙኝ የኔታ ናቸው የሚልም ተጨምሮበታል።

"እዚህ ጋ 'ሚስቴና ልጆቼ' ይላል" አልኩት። "እኔ ሚስት የለኝም።"

ነጥቆ አየው። ጆሮው ቀላ። "ይስተካከላል" አለ።

ልፈርም አሰብኩ። አልዋሽም፣ በደንብ አሰብኩ። እናቴ በዚያን ሰዓት ውጭ በሩ ላይ በፖሊስ ፊት እየጎረሰች ነው። ቤቴ አንድ ታክሲ ነው። ብፈርም ማታ አልጋዬ ላይ ነኝ፤ የኔታ ደግሞ ያለ መርፌያቸው ሽንት ቤቱ በር ሥር። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እንደ እትዬ መሐል ላይ ቆሜ ከማናችሁ ምን ወሰድኩ ብል፣ በሕይወት ካሉ ብድግ የሚሉ አንድ ሽማግሌ ይኖራሉ። ለእሳቸው አውልቄ የማለብሰው ሹራብ የለኝም።

እስክሪብቶውን አነሳሁ። በተጻፈው ላይ ከዳር እስከ ዳር መስመር አሰመርኩበት። ከታች ለሕፃናት ሰሌዳ ላይ በምጽፍበት ትልልቅ ፊደል እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ሳሙኤልን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱን ያባዛሁት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። ሙሉ ስሜን ከነአያቴ ጻፍኩና ፈረምኩ።

"ይሄ ለእኔ ምንም አይጠቅመኝም" አለ።

"ለእርስዎ ብዬ አይደለም የጻፍኩት።"

"እዚህ ትቆያለሽ እኮ፣ እህቴ።"

"እቆያለሁ። ምሳዬም እዚያው ነው" አልኩት። ሻዩን አልነካሁትም።

ክፍሉ ስመለስ ምሳ ተበልቶ አልቆ ነበር። ፀጉር ሠሪዋ ሰማያዊውን ሹራብ ለብሳ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ከጎኗ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሁለት ድርሻ አስቀምጣለች። አንዱን ሰጠችኝ፤ ጥጉ የጎደለው የእናቴ እንጀራ ነው።

"ሌላውስ?" አልኳት።

"የእትዬ ነው። ቢመለሱስ?"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ካቦ ሆኜ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ ጫማዋን አድርጋ ለወጣች ሴት ድርሻዋ ሳይነካ ያድራል፤ ደርቆም ቢሆን። የእትዬን ጠዋት ጠዋት አዲስ ለገባች እንሰጥና ምሳ ላይ እንደገና እናስቀምጥ ነበር።

እትዬ ከእኔ በኋላ ተፈትተው አስኮ ሱቃቸውን መልሰው ከፍተዋል። ልጃቸው እስካሁን አልተገኘም። በገባሁ ቁጥር ስለ እሱ አልጠይቃቸውም፤ ራሳቸው ናቸው የሚነግሩኝ።

እኔ በተፈታሁ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሰንበት ትምህርት ቤት ገባሁ። ሌላ ትምህርት ብጀምር ይሻላል ያሉኝ ነበሩ። ካቆምኩበት ጀመርኩ፤ ንጉሥ የሚወስደውን ሁሉ ደግሜ ቆጠርኩላቸው፤ ለዚያውም ቀስ ብዬ። ነቢዩ ሕዝቡን ሰብስቦ የጠየቀበት ላይ ስደርስ እንደ እሱ ቆምኩና "ከማናችሁ ምን ወሰድኩ?" አልኩ።

የኔታ ፊት ወንበር ላይ ነበሩ፤ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሐል አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው። ስለዚያ ወረቀት ነግሬያቸው አላውቅም፤ አሁንም አልነግራቸውም። ሕፃናቱ እንዳስተማርኳቸው ባንድ ድምፅ "ምንም አልወሰድሽብንም!" ሲሉ፣ ከጩኸቱ ባንነው እሳቸውም ከኋላቸው ተከተሉ።

"ምንም አልወሰድሽብንም" አሉ የኔታ።