ታንኳ በሳይክል

ቢያዝን በሳይክሉ ያልጫነው ነገር ቢኖር ቀበሌውን ራሱን ነው። ከፋብሪካው ፈረቃውን ጨርሶ ሲወጣ ጎረቤት ደጁ ላይ ይጠብቀዋል፤ የአንዱ አልጋ፣ የሌላው የበር መዝጊያ፣ አንዴም ከመሸንቲ ገበያ የተገዛ ሙክት። ሙክቱን በትከሻው ተሸክሞ ፔዳሉን እየመታ ከተማ ሲገባ ሕዝቡ በሳቅ ሞተ። እሱ ግን እምቢ ማለት አያውቅም።

«አንተ'ኮ አህያ ብትሆን ቢያንስ ገለባ ይሰጡህ ነበር» ትለዋለች ሚስቱ ውዴ።

በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት የመስከረም ሁለት የአብዮት በዓል ሲቃረብ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ አምሐ ሰልፉ ላይ የጭቁኑ ዓሣ አስጋሪ ታንኳ እንዲታይ ወሰነ። የተመረጠችው የአያ አገኘሁ ታንኳ ነበረች። ሽማግሌው የሐይቁን ደንገል ራሳቸው አጭደው፣ ራሳቸው አስረው የሠሯት ናት።

«እኔ በውኃ አደርሳታለሁ» አሉ አያ አገኘሁ። «የሰልፉ ሜዳ ሐይቁ ዳር አይደል?»

«በሐይቅ ለመንቀሳቀስ ይለፍ ያስፈልጋል» አለ ጓድ አምሐ።

«ታዲያ ይስጡና።»

«ይለፍ ሰጪው ቢሮ ለበዓሉ ዝግጅት ተዘግቷል። ለየብስ ግን ይለፍ አያስፈልግም።» ይህን ብሎ ፊቱን ወደ ቢያዝን አዞረ። ሌላ ወዴት ያዞራል?

በበዓሉ ጧት ታንኳዋን በሳይክሉ ላይ በቁመቷ ጋደም አድርገው፣ ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ በተቆረጠ ላስቲክ ጠፍረው አሰሯት። አፍንጫዋ ከፊት ጎማ አልፎ ሁለት ክንድ ወጣ። ጅራቷን አያ አገኘሁ ይዘው ከኋላ ይሮጣሉ። ቢያዝን በአንድ ጎን አጮልቆ እያየ ነዳ። የመንገዱ ዳር ዘንባባዎች ጋ ሲደርሱ የሐይቁ ነፋስ መጣ፤ ታንኳዋም አገሯን አውቃ፣ መሪውን ከእጁ ነጥቃ ወደ ውኃው ዞረች። ሦስት ጊዜ መለሷት፤ ሦስት ጊዜ ዞረች።

ይህን የሚያይ አንድ ፖሊስ መጣና አስቆማቸው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ታንኳ ነው ጌታዬ» አለ ቢያዝን።

«ይለፍ አለው?»

«በየብስ'ኮ ነው የመጣሁ።»

«ታንኳ ታንኳ ነው። በምን እንደመጣህ አልጠየቅሁህም!»

ፖሊሱ ደብተሩን አወጣ። ጥፋቱን በሳይክሉ ታርጋ ይጻፈው ወይስ በታንኳዋ፣ ግራ ገብቶት እስክሪብቶውን ያኝክ ጀመር። አያ አገኘሁ ትንፋሻቸውን ሰብስበው «ለበዓሉ ነው ልጄ፤ ጓድ አምሐ ነው ያዘዘን» አሉ።

ፖሊሱ እንደ ችካል ቀጥ አለ።

«ታዲያ ምን ያስቆማችኋል? ሰልፉ ሊጀመር ነው'ኮ! ለአብዮቱ ግድ የላችሁም?»

ቢያዝን ደንግጦ ተፈተለከ። ወዲያው ጎድጓድ ውስጥ ገባ፤ የፊቱ ቸርኬ ተጣመመ፣ የጎማው ራጂ ሽቦዎች እየተንጣጡ ተበጠሱ። የቀረውን መንገድ ታንኳዋንም ሳይክሉንም ተሸክመው፣ ላባቸው እየተንጠፈጠፈ ደረሱ።

ታንኳዋን አራት ወጣቶች ተቀብለው በክብር ሰንደቅ ፊት አሳለፏት። ጭብጨባው ቀለጠ። ጓድ አምሐ በመድረኩ ላይ «የትራንስፖርት ችግር ሳይበግረው» ተብሎ ተመሰገነ። ቢያዝንም ከሕዝቡ ኋላ ከልቡ አጨበጨበ። ይህን ስነግራችሁ እያሾፍሁ አይደለም፤ እውነት ደስ ብሎታል።

ሕዝቡ ገና ሳይበተን ወጣቶቹ ታንኳዋን ከመድረኩ ጀርባ ወርውረዋት ሄዱ። አያ አገኘሁ ጎትተው ውኃው ላይ አስቀመጧትና ቢያዝንን «ሳይክልህን አምጣት» አሉት።

«ይለፉስ አያ?»

«ጠያቂው ሁሉ መፈክር ላይ ነው። ግባ!»

መራዊ ተወልዶ ያደገው ቢያዝን ከወንዝ በቀር ውኃ ረግጦ አያውቅም። መንገዱን ሁሉ የሳይክሉን ኮርቻ አንቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ «በስመ አብ» ሲል፣ ሽማግሌው እየቀዘፉ ከት ብለው ሳቁበት።

ቸርኬው እስኪቃና ሁለት ሳምንት በእግሩ ሄደ። በዚያ ሁለት ሳምንት ደጁን የረገጠ ጎረቤት አልነበረም። ውዴ ግን በዕድሜዋ እንዲያ ያለ ሰላም አግኝታ አታውቅም።