አምስተኛው ማረፊያ

ሞተሩ ከመጀመሪያው ማረፊያ ጀምሮ በቆሙ ቁጥር ይጠፋ ነበር። አምስተኛው ላይ ግን አልነሳ አለ።

ደርቤ ፍሪሲዮን ረገጠ። ምንም የለም። ቁልፉን አዞረ። ከኮፈኑ ሥር ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ብቻ መጣ። ከጀርባው፣ ወንበሮቹ ተነቅለው በተነሱበት ቦታ፣ የሀብተ ሚካኤል ሬሳ በሳጥን ተኝቷል። ከፊት ካህናቱ፣ ከኋላ ለቀስተኛው ቆሟል። ሊማሊሞን ከወረዱ በኋላ ያለው የቆላ ፀሐይ አናት ይበሳል። ሰባት ጊዜ እያረፈ፣ ፍትሐት እየተደረሰለት ወደ አባቱ መቃብር የሚሄደው ሰው ሁለት ማረፊያ ሲቀረው መንገድ ላይ ቀረ።

"ኧረ ግፉ!" አለ አንዱ።

መንገዱ አቀበት ነው። ጥቂት ገፍተው ተዉት። ጎልማሶቹ የኋላውን በር ከፈቱና ሳጥኑን አውጥተው በትከሻቸው ተሸከሙት። የሟቹ ሚስት ውቢት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተከተለች። ከሹፌሩ መስኮት አጠገብ ስትደርስ ቆመች።

"ደርቤ፣ በእሱም ነዳጅ ቆጠብህበት?" አለችው።

ካገባች ጀምሮ "አያ ደርቤ" ስትለው የኖረች ሴት ናት። "አያ" የምትለዋ ቃል የዚያን ዕለት ቀረች።

ይህን ለማለት ምክንያት ነበራት። ደርቤ የዳባት ልጅ ነው። በጭነት መኪና ረዳትነት ጀምሮ ሹፌር ሆነ። መንግሥት ተለውጦ የትግራይ መንገድ ሲከፈት እሱና ሀብተ ሚካኤል አንድ መኪና ላይ ተመደቡ። አንዱ ሲነዳ አንዱ እየተኛ ከጎንደር ሽሬ እህል አመላለሱ። ያን ጊዜ ሊማሊሞን ሲወርዱ ሞተር አጥፍቶ መኪናውን በቁልቁለቱ መልቀቅ የብዙ ሹፌር ልማድ ነበር። ነዳጅ ይተርፋል፤ ፍሬን የከዳው ደግሞ ገደል ይገባል። ደርቤ በዚህ ስም ያወጣ ሰው ነው። "የደርቤ መኪና በንፋስ ነው የምትሄደው" ይባል ነበር። ቀልዱን ለውቢት ያመጣላት ሀብተ ሚካኤል ራሱ ነው፤ እራት ላይ እየደጋገመ ያስቃት ነበር።

ሁለቱም ሲያረጁ ጭነቱን ተዉት። ሀብተ ሚካኤል ደባርቅ ላይ ትንሽ ሱቅ ከፈተ። ደርቤ የእድሩን መኪና ያዘ። እድሩ በ2008 ዓ.ም. የገዛት ባሕር ማዶ ያገለገለች ሚኒባስ ናት። ጎንደር ሄዶ ያመጣት እሱ ነው። ደባርቅ ስትገባ ጸበል ተረጨች። ከመሪው በስተቀኝ ባሉት፣ ማንም ለምን እንደሆኑ በማያውቃቸው በጣት የሚነኩ መጫኛዎች ላይ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ተለጠፈ። ከዚያ ወዲህ ውሎዋ ደባርቅ ከተማና ከከተማው በላይ ያሉት የደጋ መንደሮች ነበሩ። በሽተኛም ሬሳም አመላለሰች። ደርቤ አንድ ቀን እንኳ አፍሮባት አያውቅም። ቆላ የወረደችው ለሀብተ ሚካኤል ቀብር ነው።

በሳምንቱ እድሩ ባትሪውን አስሞልቶ መኪናዋን ፈተነ። ፈታኙ የእድሩ ዳኛ አቶ ላቀው ነበሩ። ከደርቤ ጎን ተቀምጠው ከተማዋን አዞሩት።

"አቁም።"

አቆመ።

"ማርሹን ነጻ አድርግ። እግርህን ከፍሪሲዮኑ አንሳ።"

አነሳ። ሞተሩ ይሠራል። ገበያው አጠገብ ደገሙት፤ ይሠራል። መናኸሪያው በር ላይ ሲደግሙት ሰው ከቧቸው ነበር።

"ሬሳ ካልጫነች አትጠፋም መሰል!" አለ አንድ የባጃጅ ሹፌር። ሰው ሳቀ።

አቶ ላቀው አልሳቁም። "ደርቤ፣ እኔ ሰው ማዋረድ አልወድም። መኪናዋ ግን ደህና ናት።"

"ቁልፉን አልነካሁም፣ አቶ ላቀው። ራሷ ናት የጠፋችው።"

"ለቀስተኛው ሁሉ በየማረፊያው ጸጥ ስትል ሰምቷል። እዚህ ለምን አትጠፋም? ቁልፉን ስጠኝ።"

ሰጣቸው። በማግስቱ ቁልፉ ለአንዱዓለም ተሰጠ። አንዱዓለም ባጃጅ ነድቶ ያደገ፣ ደርቤን "ጋሼ" የሚል ጎልማሳ ነው። ቁልፉን ሲቀበል መሬት መሬት አየ።

ደርቤ ቤቱ ተቀመጠ። ሥራ ማጣቱን ይችለዋል፤ ጡረታ ለመውጣትም የቀረው ጥቂት ነው። ያልቻለው የውቢትን ነገር ነው። በሱቋ በኩል ሲያልፍ ፊቷን ወደ መደርደሪያው ታዞራለች። የባልንጀራውን ሬሳ በነዳጅ የለወጠ ሰው ሆኖ መሞት አልፈለገም።

መኪናዋ እጁ ላይ የለችም፤ በሐሳቡ ፈታታት። የባትሪውን ራስ ራሱ ጠርጎት ነበር። ዲናሞው ይሞላል። የነዳጅ ማጣሪያው አዲስ ነው። ይህን ሁሉ ጨርሶ ወደ መንገዱ ዞረ፤ የት ጠፋች፣ የት አልጠፋችም? ደባርቅ አልጠፋችም። የቀብሩ ዕለት ጠዋት ሬሳው እስኪወጣ በር ላይ ብዙ ቆማለች፤ ያኔም አልጠፋችም። ቆላ ወርዳ በቆመች ቁጥር ጠፋች። ከዚያ አንድ የረሳው ነገር መጣለት። መጀመሪያ ሲያመጣት ጎንደር ከተማ ውስጥ ሁለት ቦታ ጠፍታበት ነበር። እግሬ ፍሪሲዮኑን አልለመደውም ብሎ ራሱን ወቅሶ አለፈው። የኮሶዬን ዳገት ወጥቶ ካለፈ በኋላ ግን ያ ነገር አልተደገመም።

ሰውም ነዳጅም አይደለም ማለት ነው። ቦታው ነው።

ጎንደር ወረደ። ማዕረግ የሚባል፣ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ የድሮ ወዳጅ አለው። ማዕረግ ሰምቶት ሲያበቃ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ጠየቀው።

"ከፊትህ ሰሌዳው ላይ ቀስት የከበባት የፈረንጅ ፊደል 'ኤ' ትበራለች?"

"ትበራለች። ደባርቅ ላይ ጭረት ተጋድሞባታል። ቆላ ላይ አረንጓዴ ሆና አይቻታለሁ።"

"እንግዲያው በሽታ የላትም። ስትቆም ራሷን ታጠፋለች፤ ፍሪሲዮን ስትረግጥ ትነሳለች። አሠራሯ ነው።"

"ለምን ብላ?"

"ነዳጅ ለመቆጠብ።"

ማዕረግ ቀጠለ። "ከፍታ ላይ አየሩ ሲሳሳ ይህን ሥራዋን ትተዋለች። ደባርቅ ላይ አልጠፋ ያለቻችሁ ለዚያ ነው። ለእንዲህ ያለ መኪና ባትሪውም ሌላ ዓይነት ነው። የእናንተ ምንድን ነው?"

"ዓምና ከገበያ የተገዛ።"

"በየማረፊያው ስትነሳ አልቆ ነዋ! ወይ ባትሪውን ቀይሩ፣ ወይ 'ኤ' ያለበትን መጫኛ ፈልገህ ማጥፋቱን ከልክላት። ደግሞ በቁልፍ ባስነሳሃት ቁጥር መጫን አለብህ፤ ትረሳለች።"

ደርቤ ይህንኑ ይዞ አቶ ላቀው ዘንድ ሄደ። አቶ ላቀው እስከ መጨረሻው አዳመጡት።

"ራሷ ነዳጅ የምትቆጥብ መኪና!" አሉ። "ከአንተ ተምራ ይሆናል።"

"ይሳቁብኝ፣ ግድ የለም። ለአርባው ስትወርዱ ግን ከኋላ አስቀምጡኝ። መሪ አልነካም።"

"ውቢትን መጠየቅ አለብኝ።"

ጠየቋት። "ለሀብቴ አርባ ማንንም አልከለክልም" አለች።

በአርባው ዕለት አንዱዓለም ነዳ። አቶ ላቀውና መምሬ ወልደ ሩፋኤል ከፊት ተቀመጡ። ከኋላ ውቢት፣ ዳቦ የያዙ ሁለት ሴቶችና ደርቤ ነበሩ። ሊማሊሞን ወረዱ። ጠመዝማዛው አልቆ ሙቀቱ በመስኮት መግባት ሲጀምር፣ ገመድ የተዘረጋበት ኬላ ላይ ደረሱ። አንዱዓለም አቆመና ማርሹን ነጻ አድርጎ እግሩን አነሳ።

ሞተሩ ጸጥ አለ።

"እኔ አልነካሁም!" አለ አንዱዓለም። ሁለት እጁን ከመሪው ላይ አንስቶ ለአቶ ላቀው አሳየ። "በሚካኤል! ቁልፉን አልነካሁም!"

ደርቤ የሰማው የራሱን ቃል ነው።

"ቁልፉን ተወው" አለ ከኋላ። "ፍሪሲዮን ርገጥ።"

ረገጠ፤ ተነሳ።

"ልቀቀው።"

ለቀቀ፤ ጠፋ።

አቶ ላቀው አረንጓዴዋን 'ኤ' ትክ ብለው ተመለከቱ። "እንደገና" አሉ። እንደገና ጠፋ። ከዚያ በኋላ አንገታቸውን ወደ ኋላ ሳያዞሩ፣ "በድዬሃለሁ" አሉ።

"ባትሪው ሳያልቅ መከልከል ይሻላል" አለ ደርቤ። "መምሬ፣ መጫኛው ከሥዕሉ ሥር ሳይሆን አይቀርም። አንቱ ያንሱት እንጂ እኛ አንነካውም።"

መምሬ ወልደ ሩፋኤል ሥዕሉን ተሳለሙና በጥፍራቸው ከአንድ ጎኑ ቀስ ብለው ገለጡት። ቀስት የከበባት 'ኤ' እዚያ ነበረች። አንዱዓለም ሞተሩን አስነስቶ ተጫናት። ኬላው ተከፍቶ እስኪያልፉ ሞተሩ አልጠፋም።

መኪናዋ መንገድ ከጀመረች በኋላ ውቢት ተናገረች። ፊቷ ወደ መስኮቱ ነበር።

"የመጀመሪያው ማረፊያ ላይ ሲጠፋ ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ።"

"ሁለተኛውም ላይ?"

"አዎ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልህ?"

አላወቅሁም ማለት ይችል ነበር፤ ዛሬ ሁሉም ያምኑታል።

"ጸጥ ሲል የካህናቱ ድምፅ ተሰማ" አለ። "ሀብቴ ዕድሜውን ሙሉ የሞተር ጩኸት ሲሰማ ነው የኖረው። ዛሬ እንኳ ፍትሐቱን ይስማ ብዬ ተውሁት። እንደማይነሳ አላወቅሁም።"

ውቢት አምስተኛው ማረፊያ ጋ ሲደርሱ መንገዱን በዓይኗ ተከትላ አሳለፈችው።

መቃብሩ ያለበት የገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ቅጥር በር ላይ ደረሱ። መቃብሩ ከበሩ ብዙም አይርቅም። አንዱዓለም ሞተሩን ሳያጠፋ አቆመ፤ ባትሪውን ፈርቷል። መምሬ ወልደ ሩፋኤል ከደብሩ ካህናት ጋር ወደ መቃብሩ ሄዱ። ሴቶቹ ዳቦውን አወረዱ። ውቢት ወርዳ ጥቂት ከተራመደች በኋላ ተመለሰች።

"ይጥፋ" አለች።

"ባይነሳስ?" አሉ አቶ ላቀው። "ያን አቀበት ማን ይገፋዋል?"

ውቢት አላየቻቸውም። "አያ ደርቤ፣ ምን ይሻላል?"

ደርቤ መንገዱን ወደ ታች ተመለከተ።

"ፊቷን ወደ ቁልቁለቱ አዙሮ ማቆም ነው" አለ። "ካልተነሳች በቁልቁለቱ ለቅቄ አስነሳታለሁ።"

አንዱዓለም ሳይታዘዝ ወረደለት። ደርቤ መሪውን ይዞ ሚኒባሷን አዞረ፤ ፊቷን ወደ ታች አድርጎ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። መምሬ በገለጡት በሥዕሉ ጎን በኩል መጫኛውን እንደገና ተጫነና ክልከላውን አነሳ። ማርሹን ነጻ አደረገና እግሩን ከፍሪሲዮኑ ላይ አነሳ።

ሞተሩ ጸጥ አለ። የመምሬ ወልደ ሩፋኤል ድምፅ ከመቃብሩ በኩል መጣ፤ ደርቤም ቆቡን አውልቆ ወረደ።